አርባ አንድ ዲግሪ እና የእትዬ ብርቄ ዶሮ

ሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን 1964

ከዛሬ ጀምሮ ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። ደብዳቤው እንዲህ አይልም። «ለጊዜው በዕቃ ማጽጃ ክፍል ተመድበው እንዲሠሩ» ነው የሚለው። ዲግሪዬም፣ የሁለት ዓመት ሥራዬም፣ አሥራ አንድ ወር የደከምሁበት ሙከራም በዚህች «ለጊዜው» ተጠቅልለው ተጣሉ።

የዕቃ ማጽጃው ኃላፊ ጋሽ ተካ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ሽርጥ ሰጡኝና «ውኃው ሲፈላ እጅሽን ተጠንቀቂ» አሉኝ።  ቢያጽናኑኝ አለቅስ ነበር። 

ንዴቴ ሳያዛባው ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አምና መጋቢት ላይ እዚሁ የከብት ክትባት ላቦራቶሪ ውስጥ ከጥጃ ኩላሊት የወጡ ሴሎችን ተረከብሁ። በ37 ዲግሪ ይኖራሉ። ከብት ግን ክትባት የምንሠራለት በሽታ ሲይዘው ትኩሳቱ 41 ይደርሳል። በሽታውን ባላገር «ደስታ» ነው የሚለው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ለክትባት የምናዳክመው ቫይረስ በትኩሳት ሙቀት ውስጥ መራባት ማቆሙን ለማወቅ በመጀመሪያ በዚያ ሙቀት የሚኖሩ ሴሎች ያስፈልጋሉ። እኛ አልነበሩንም። አሳደግኋቸው። ግማሽ ዲግሪ ከፍ አደርጋለሁ። የሚሞቱት ይሞታሉ። የቀሩትን እመግባለሁ፣ ጠርሙሱን እስኪሞሉ እጠብቃለሁ። እንደገና ግማሽ ዲግሪ። ኅዳር ላይ ከአንድ ጠርሙስ በቀር ሁሉም አለቁብኝ። ከዚያች አንዲት ጠርሙስ ጀመርሁ። ጥር ሲያልቅ በ41 ዲግሪ የሚኖሩ ስምንት ጠርሙሶች ነበሩኝ።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ገብረየስ ግን «እነዚህ ሴሎች ከ39 ዲግሪ በላይ አይኖሩም» ብሎ አምና ሪፖርት ፈርሟል፤ ሌላ ሴል ከውጭ እንዲመጣም ጠይቋል። ቅዳሜ በስብሰባ ላይ ስምንቱን ጠርሙሶች ሳቀርብ በማይክሮስኮፑ ዝቅ ብሎ እንኳ አላየም። «ወይ ቴርሞሜትሩ ተሳስቷል፣ ወይ መዝገቡን የጻፈችው ዋሽታለች» አለ። የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። በዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታውን አያገኝም።

ትእዛዙ፦
ነገ ጠዋት የሴሎቼ ማሞቂያ ኢንኩቤተር ወደ 37 ይወርዳል።
ሐሙስ ስምንቱም ጠርሙሶች በእንፋሎት መቀቀያው አውቶክሌቭ ውስጥ ገብተው ይቀቀላሉ።
ዋና ዳይሬክተሩ ጠቅላይ ግዛት ሄደዋል። የሚመለሱት የሚመጣው ሰኞ ነው።

አንድ ሳምንት። አንዲት ጠርሙስ ለአንድ ሳምንት በሕይወት ካቆየሁ ዳይሬክተሩ በዓይናቸው ያያሉ። ካልቻልሁ ውሸታም ሆኜ እቀራለሁ።

ዛሬ ጾም ገባ። 


ማክሰኞ

ሰረቅሁ። ስሙ ይኸው ነው፣ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ኢንኩቤተሩን ሊያወርዱ ከመምጣታቸው በፊት አንዷን ጠርሙስ ምግቧን እስከ አንገቷ ሞልቼ፣ በጎማ ክዳን ጠርቅሜ፣ በጡቶቼ መካከል ሸጉጬ፣ ከጋሽ ተካ አስፈቅጄ ወጣሁ። እስከ አንገቷ የሞላሁት ብትገለበጥም ሴሎቹ ከምግቡ ውጪ እንዳይቀሩ ነው። በጦር ኃይሎች በኩል በሴቼንቶ ታክሲ መጣሁ። ሾፌሩ ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ደረቴን ስይዝ አንዲት ሴትዮ «ልጄ፣ ያምሻል?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው።

ቤት ስደርስ ነው እውነቱ የገባኝ። ሙቀት ከየት ላምጣ? የኮልፌ ብርድ አንድ ሌሊት ካገኛቸው ሴሎቹ ከመስታወቱ ተላቅቀው ይንሳፈፋሉ።

የሞከርሁት፦
ፔርሙስ ሙቅ ውኃ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 33 ወረደ።
ከሰል አጠገብ። በአንድ በኩል 50፣ በሌላው በኩል 28።
ብብቴ። 36 ተኩል። ራሴን ታዘብሁት።

አሥር ሰዓት ላይ ጓሮ ወጥቼ ስቆም የአከራዬ የእትዬ ብርቄ ጥቁር ዶሮ ከዕቃ ቤቱ ጥግ አፈጠጠችብኝ። ጾም ሲገባ እንቁላል ፈላጊ ስለሚያጣ እትዬ ብርቄ ከቅበላው ሳምንት ጀምሮ አስታቅፈዋታል። ቴርሞሜትሬን ከደረቷ ሥር አስገባሁት። እጄን ሁለት ጊዜ ነቆረችኝ። አምስት ደቂቃ ጠብቄ አወጣሁት።

39 ተኩል!

ይህን ያህል የተስተካከለ ሙቀት መንግሥት የገዛው ኢንኩቤተር እንኳ ሰጥቶኝ አያውቅም። እትዬ ብርቄ ሱቅ ነበሩ፣ አልጠየቅኋቸውም። ጠርሙሷን በእንቁላሎቹ መካከል አጋደምኋት። ዶሮዋ አየቻት፣ በምንቃሯ ገፋ አደረገቻት፣ ከዚያ ተቀመጠችባት።


ረቡዕ

ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«ሰብለ፣ ከዶሮዬ ሥር ያስገባሽው ምንድን ነው?»

ነገርኋቸው። አልዋሸሁም። ሴል ምን እንደሆነ፣ ጥጃው፣ ትኩሳቱ፣ ዶክተሩ፣ ሁሉንም። እትዬ ብርቄ ከባላቸው ጋር ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የሚናገረውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ ነው የሚሰሙት። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እንግዲህ ሕይወት አለው ነው የምትይኝ?»

«አለው።»

«እንግዲያውስ ዐሥራ ሁለት አደረግሽብኝ።»

አልገባኝም። ያስታቀፏት ዐሥራ አንድ እንቁላል ነው። የሚታቀፍ ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ሙሉ ከሆነባት ዶሮዋ ጥላ ትነሣለች። እናታቸውም፣ የእናታቸውም እናት በሙሉ ቁጥር አስታቅፈው አያውቁም።

«እትዬ፣ ጠርሙስ እኮ እንቁላል አይደለም።»

«እሱን እኔና አንቺ እናውቃለን። ዶሮዋ ታውቃለች?»



አንድ እንቁላል ይጨመር አልሁ። አሁን የሚገባ ከሌሎቹ ጋር አይፈለፈልም፣ ዶሮዋ ጫጩቶቹን ይዛ ስትነሣ እሱ ይበሰብሳል አሉኝ። አንድ ይውጣ አልሁ። የታቀፈ እንቁላል ከነነፍሱ አይነሣም። ባዶ ጠርሙስ ላምጣ አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ባዶ ነገር ከሕያው ጋር አይቆጠርም።

«ወይ ይኼን አውጪ፣ ወይ ጓደኛ አምጪለት። እስከ ነገ ማታ ነው የምታገሥሽ» ብለው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ሳጥብ በእትዬ ብርቄ ተናድጄ ዋልሁ። ከዚያ ንዴቱ ወደ ትክክለኛ ባለቤቱ ተመለሰ። ደብዳቤውን የጻፉት እትዬ ብርቄ አይደሉም።


ሐሙስ፣ የካቲት 9



ጠዋት ጋሽ ተካ አውቶክሌቩን ሲያዘጋጁ ቀረብ ብዬ እውነቱን ነገርኋቸው። አንዷ ቤቴ ናት። ሌላም እፈልጋለሁ። በዝርዝሩ ላይ ግን ስምንት ተጽፏል፤ ዶክተሩ ራሱ መጥቶ ይቆጥራል።

ጋሽ ተካ ብዙ አላሰቡም። የሴሎቹ ምግብ ቀላ ያለ ነው፣ ያውቁታል፤ ስንት ዓመት ጠርሙሱን አጥበዋል። የራሳቸውን የሻይ ብርጭቆ አንሥተው ወደ ብርሃኑ አደረጉት።

«ትንሽ ውኃ ቢጨመርበት ከዚህ ይለያል?»

በሁለት ንጹሕ ጠርሙሶች ሻይ ቀዳን። እንደ ሌሎቹ የእኔን ምልክት ጻፍሁባቸው። ከስድስቱ ጋር ተሰለፉ።

ዶክተሩ በአራት ሰዓት መጣ። በእርሳሱ ጫፍ እየነካ ስምንት ቆጠረ። አንዷን ሻይ አንሥቶ አየ።  «ደፍርሷል። አላልሁም? ተበክሏል» አለ። ጋሽ ተካ ሳል ያዛቸው።

ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ዞረ። «ወይዘሪት ሰብለ፣ አትዘኚ። ሴል ማሳደግና ዳንቴል መሥራት ይለያያል።»

«ዳንቴል አልችልም ዶክተር» አልሁት።

በሩን ዘጋ። ስድስቱን በራሴ እጅ አስገባሁ፣ ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈለግሁም። ክዳኑን ጋሽ ተካ አጠበቁት። እንፋሎቱ ሲያፏጭ ግድግዳውን እያየሁ ቆምሁ። የአሥራ አንድ ወር ሥራ በሃያ ደቂቃ ይበስላል።

ሁለተኛዋ ጠርሙስ ግን አሁን ዶሮዋ ሥር ናት። እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። «ዐሥራ ሦስት» አሉ። «አሁን ሰው ሆንሽ።»


ዓርብ

አጭር ነው፤ ደክሞኛል።

ጠዋት 39 ተኩል። ማታ 40። ዶሮዋ ጠርሙሶቹን እንደ እንቁላሎቹ ታገላብጣቸዋለች። እንኳን እስከ አንገታቸው ሞላኋቸው።

ማይክሮስኮፕ ስለሌለኝ ብርሃን ላይ ይዤ ነው የማያቸው። ምግቡ አልደፈረሰም። መስታወቱ ላይ ያለችው ስስ ጉም እንዳለች ናት። ሕያዋን ይመስሉኛል። «ይመስሉኛል» ሪፖርት ላይ አይጻፍም።

ሥራ ቦታ ሁለት የሥራ ባልደረቦች በኮሪደር ሲያገኙኝ ሰላምታቸውን ዋጡት። ስማቸውን አልጽፍም። እነሱም ልጆች አሏቸው።


ቅዳሜ

የመጀመሪያዋ ጠርሙስ ሞተች።

ግማሽ ቀን ሠርቼ ስመለስ እትዬ ብርቄ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተንበርክከው በሞቀ ጨርቅ እንቁላል ይወለውላሉ። ዶሮዋ የጎማውን ክዳን ስትነቁር ውላ አወጣችው። ምግቡ ፈስሶ ገለባው ርሷል። ጠርሙሷ ቀዝቅዛ፣ ባዶ ሆና ጥግ ላይ ተጋድማለች። ዶሮዋ ደግሞ ተነሥታ በሩ ላይ ቆማለች።

እትዬ ብርቄ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ክዳኑ ትል መሰላት፣ ምን ታድርግ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አሁን ስንት ሆነ?»

ዐሥራ አንድ እንቁላልና አንዲት ጠርሙስ። ዐሥራ ሁለት።

ከዚህ ወዲያ የማመጣው ሦስተኛ ጠርሙስ የለም። የቀረችውን ላነሣት እጄን ዘረጋሁ። የእሳቸውን ዶሮ ከእንቁላሏ የማስነሣት መብት የለኝም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ ቫይረስ በእንቁላል ስናሳድግ በመጀመሪያ የምናደርገው እንቁላሉን ብርሃን ላይ ይዞ ማየት ነው።

«እትዬ፣ የታቀፈ ከነነፍሱ አይነሣም አይደል ያሉኝ? ነፍስ የሌለውስ?»

«እሱማ ምን ያደርጋል። ግን በምን ይታወቃል?»

ባትሪዬን አመጣሁ። በሩን ዘግተን አንድ በአንድ አየናቸው። ቀይ የደም ሥር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ፣ መካከሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲንቀሳቀስ ሳሳያቸው እትዬ ብርቄ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ስንት ዓመት አስታቅፈዋል፣ ውስጡን አይተውት አያውቁም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ አለፈ። ምንም የለም።

ደጋግመው ካዩት በኋላ ራሳቸው አወጡት። ዐሥር እንቁላልና አንዲት ጠርሙስ።

«ዐሥራ አንድ» አልሁ።

«መቁጠር አታስተምሪኝ» አሉ፤ ግን እየሳቁ ነው።

የቀረችውን ጠርሙስ ክዳን በጨርቅ ጠቅልዬ በክር አሰርሁት። ዶሮዋ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ግን ጓሮ ላይ ተቀምጬ የሞተችውን ጠርሙስ አልቅሼ ቀበርኋት። ከንዴት ነው። ከሐዘን አይደለም ብዬ ልፈርም እችላለሁ።


እሑድ፣ የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን። ሁሉም ወደ ስድስት ኪሎ ሄዷል፣ ግቢው ጭር ብሏል። ነገ ዳይሬክተሩ ፊት የምለውን ስጽፍ ዋልሁ።

መጀመሪያ የጻፍሁት ሦስት ገጽ ነበር። በደሉ ሁሉ አለበት። ቀደድሁት። ሁለተኛው አንድ ገጽ። እሱንም ቀደድሁት። የቀረው፦

ጠርሙሷን በዶክተሩ ቴርሞሜትር ይለኩልኝ።

ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ለራሴ ነው።


ሰኞ

ጠርሙሷን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ አድርጌ ሄድሁ። የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ወይዘሮ «ቀጠሮ አለሽ?» አሉኝ። የለኝም፣ ግን ቀዝቅዛ ልትሞትብኝ ነው አልኋቸው። ሕፃን መሰላቸውና በሩን ከፈቱት።

ዳይሬክተሩ ገና አቧራቸውን አላራገፉም። ቆሜ ነገርኋቸው። ዶክተሩን አስጠሩት። ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ስምንቱም ተቀቅለዋል። እኔ ራሴ ቆጥሬያለሁ።»

«ሁለቱ ሻይ ነበሩ» አልሁ። «የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ዶክተሩ ስለ መንግሥት ንብረትና ስለ ዲሲፕሊን ብዙ ተናገረ። ልክ ነው፣ ንብረቱን አውጥቻለሁ፤ አልካድሁም። ሲጨርስ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገሬን ተናገርሁ። የእኔን ጠርሙስና ከእሱ ሴሎች አንድ ጠርሙስ፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ኢንኩቤተር፣ በ41 ዲግሪ፣ በእሱ ቴርሞሜትር። ለሦስት ቀን።

«ሳምንቱን ሙሉ የት ነበረች?» ብለው ጠየቁኝ ዳይሬክተሩ።

«ከዶሮ ሥር።»

ዶክተሩ ሳቀ። ዳይሬክተሩ አልሳቁም። ኢንኩቤተሩ እንዲሞቅ አዘዙ፤ በሩ ላይም ወረቀት አስለጥፈው ራሳቸው ማኅተም መቱበት።

ወደ ዕቃ ማጽጃው ተመለስሁ። ጋሽ ተካ የሰሙት ከእኔ በፊት ነው። «ሻዩን ለብቻሽ ጠጣሽው አሉኝ» አሉ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ረጅም ጊዜ አንዲት ጠርሙስ ሲያጥቡ ቆዩ።


ማክሰኞ

መጠበቅ። ሁለት መቶ ያህል ጠርሙስ አጠብሁ።

አሁን የሚያስፈራኝ ዶክተሩ አይደለም። ሴሎቹ ናቸው። ከ39 ተኩል ወደ 41 በአንድ ጊዜ መለስኋቸው። ለአንድ ሳምንት ምግባቸው አልተቀየረም። ዶሮ አገላብጣቸዋለች፣ ሴቼንቶ አንቀጥቅጧቸዋል። ቢሞቱ አልፈርድባቸውም። ግን ቢሞቱ እሱ ልክ ይሆናል፤ ልክ ሳይሆን።


ረቡዕ

ምንም። እትዬ ብርቄ ማታ መጥተው «ወሬ የለም?» ብለው ጠየቁ። የለም። ወደ ዶሮዋ ሄዱ።


ሐሙስ፣ የካቲት 16

በሦስት ሰዓት ማኅተሙ ተቀደደ። ቴርሞሜትሩን ዶክተሩ ራሱ አነበበ፣ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ዳይሬክተሩ አዘውታል። «አርባ አንድ።»

መጀመሪያ የእሱ ጠርሙስ። ሴሎቹ ድቡልቡል ብለው ተላቅቀዋል፣ ምግቡ ላይ እንደ አቧራ ይንሳፈፋሉ። ዳይሬክተሩ አዩና ጠርሙሱን ወደ ጎን አደረጉት።

ከዚያ የእኔ። ላያት አልቻልሁም፣ መስኮቱን አየሁ። ዳይሬክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው «እስቲ አንቺ እዪ» አሉኝ።

ብዙዎቹ ሞተዋል። አልዋሽም። ግን እዚህም እዚያም ደሴት ደሴት እየሠሩ መስታወቱን የሙጥኝ ያሉ አሉ፤ ረዘም ረዘም ያሉ፣ ጤነኞች። በአንዱ ደሴት ዳር አንድ ሴል ለሁለት ሲከፈል መካከሉ ቀጥኖ አየሁት።

«ጥቂት ናቸው» አለ ዶክተሩ፣ እሱም ካየ በኋላ።

«ኅዳር ላይም ጥቂት ነበሩ» አልሁት።

ዳይሬክተሩ ኢንኩቤተሩ ለእኔ እንዲመለስ በቃል አዘዙ። ስለ ምደባዬና ስላወጣሁት ንብረት ግን በጽሑፍ እወስናለሁ አሉ። ሪፖርቴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳቀርብ ነገሩኝ። አቀረብሁ። የሴሎቹን ታሪክ በቀን በቀን ጽፌ፣ ከየካቲት 7 እስከ 13 ባለው መስመር ላይ «በሚታቀፍ ዶሮ ሥር፣ 39 ተኩል እስከ 40 ዲግሪ» አልሁ።

ጸሐፊዋ ወይዘሮ ሲተይቡት እዚያ መስመር ላይ ቆሙ። «የኔ እህት፣ ይኼ ወደ ሚኒስቴር ይሄዳል። ዶሮ የሚለውን እናውጣና ጊዜያዊ ማሞቂያ እንበለው። ለአንቺ ብዬ ነው።»

ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን እኔን ጠርሙስ አጣቢ ያደረገኝም እንዲህ ያለ ቃል ነው፤ ማንንም የማያስቀይም፣ ምንም የማይናገር ቃል። ውሸታም የተባልሁት እውነት ጽፌ ነው፤ ዛሬ የመጀመሪያውን ውሸት በገዛ እጄ አልጽፍም።

«ዶሮ ይሁን» አልኋቸው።

ተየቡት። ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጻፍሁና ፈረምሁ። አሁን ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሊያባርሩኝም ይችላሉ። ሚኒስቴሩም ሊስቅብኝ ይችላል። ውሳኔው መቼ እንደሚመጣ የነገረኝ የለም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሴሎቹ አዲስ ምግብ ቀየርሁላቸው። በዚህ አያያዛቸው በአሥር ቀን ጠርሙሱን ይሞሉታል። ያን ጊዜ በሁለት ጠርሙስ እከፍላቸዋለሁ። ምናልባት እኔ ባልኖር ብዬ ለጋሽ ተካ እንዴት እንደሚከፈሉ አሳይቻቸዋለሁ፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ ሠርተው አሳዩኝ፣ እጃቸው ከእጄ ይበልጥ የረጋ ነው።